የምንበላበት በር

እንደ እናት ላሳደግሽኝ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል? ባልሽ ጋሼስ ያ ሳሉ ለቀቀው ወይስ እንደ ልማዱ የሚሻለው «ሐኪም ጋ ሂድ» ሲባል ብቻ ነው? መንትዮቹ እንዴት ናቸው፣ አሁንም አንዱ ሲመታ የሚያለቅሰው ሌላው ነው? የጋሼ እናት እማማስ ዓይናቸው እንዴት ሆነላቸው? ልጄ ድንቢጥስ? የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። የጎደላችሁብኝ እናንተ ናችሁ፣ የተረፈኝ ደግሞ አንድ ሰው ነው። የዛሬው ደብዳቤዬም ስለዚያ ስለተረፈኝ ሰው ነው።

ባለፈው ደብዳቤሽ ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው «የድንቢጥን ሻንጣ መቼ ልሸክፍ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ንዴትህስ እንዴት ሆነ?» የሚል ነው። አንቺ ለየብቻ ጻፍሻቸው እንጂ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። ከሁለተኛው እጀምራለሁ፤ የመጀመሪያውን ለመመለስ እጄ ገና እሺ አላለኝም። አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው ቤተሰቡን ሰብስበሽ ጮክ ብለሽ አታንብቢው። መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው፤ ከዚያ በኋላ ለማን ምን እንደምትነግሪ አንቺ ታውቂያለሽ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። ልጄን ወደዚህ ለማምጣት አንድ ዓመት ሙሉ ሳላቋርጥ በአንድ ቦታ መሥራቴን አሠሪዬ በደብዳቤ ማረጋገጥ አለባት። ቀላል ነገር ነው፤ ለሌላ ሰው። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ዓመት መሙላት አቅቶኝ ኖሬያለሁ። ከመጀመሪያው ወርክሾፕ የወጣሁት መዶሻ ወርውሬ ነው፤ ሰው ላይ አይደለም፣ ግድግዳ ላይ ነው፣ ግድግዳው አጠገብ ግን ሰው ነበር። ከሁለተኛው የወጣሁት አስተያየት የሰጠኝን ሰውዬ ከነአስተያየቱ ገፍቼ ስላስወጣሁት ነው። ሰውዬው ደንበኛ ሆኖ ተገኘ። አሁን ያለሁበት ሦስተኛው ነው፣ በርና መስኮት ብቻ የሚሠራበት። እዚህም ጠባዬን ደብቄ ልኖር ብዬ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት «ክብሪት» የሚል ስም አወጡልኝ። ባለቤቲቱን ሁላችንም «ትልቋ» እንላታለን፤ ቁመቷ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ብዙም አይበልጥም። ያንን ደብዳቤ ጽፋ ማኅተም ሳትመታበት መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣው ነበር፤ ዓመቴ ሲሞላ ልትመታልኝ።

የተረፈኝ ሰው «ሊቁ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ እሱ ግን ሽሙጥ መሆኑ እስከ ዛሬ አልገባውም። የማያውቀው ነገር የለም። ስለ እንጨት ያውቃል፣ ስለ አየሩ ያውቃል፣ ስለ ጥርስ ሕመም ያውቃል፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ያውቃል፤ ልጅ ግን የለውም። ምሳ ስትበይ አስተኛኘክሽን ያርማል። በዚህ ወርክሾፕ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ጠላቴም ቢሆን እውነቱን ልናገርና፣ እጁ የተባረከ ነው። እሱ የቆረጠው መጋጠሚያ ውስጥ ወረቀት አታስገቢበትም።

ጸባችን የተጀመረው በግራና በቀኝ ነው። አትሳቂ። በር የሚታዘዘው «ግራ» ወይም «ቀኝ» ተብሎ ነው፣ ማጠፊያው ያለበት ጎን ታይቶ። ጥያቄው የት ቆመሽ ታዪዋለሽ ነው። እስቲ ደብዳቤውን ይዘሽ ተነሺና ከመኝታ ቤትሽ በር ውጭ ቁሚ። ማጠፊያው በስተግራሽ ነው አይደል? አሁን ገብተሽ ከውስጥ እዪው። በስተቀኝሽ ሆነ። በሩ ግን አባታችን የገጠመው ያው በር ነው። አባታችን ያስተማረኝ፣ አንቺም ስትሰሚው ያደግሽው፣ «በሩ ወደሚከፈትበት ወገን ሄደህ ቁም፣ ከዚያ ቀኝህን ጥራ» የሚለውን ነው። ሊቁ ደግሞ ምንጊዜም የሚቆመው ከውጭ ነው፤ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ ግድ የለውም። እዚህ ከገባሁ በስድስተኛው ወር ሊቁ የስምንት በሮች ልኬት ወሰደ፣ እኔ ደግሞ የማጠፊያቸውን ቦታ ቆርጬ ቁልፋቸውን ገጠምኩ። እሱ በሱ አቋቋም ጻፈ፣ እኔ በአባቴ አቋቋም ሠራሁ። ሁሉም ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ስለነበሩ ስምንቱም ተገላቢጦሽ ሆኑ።

ስህተቱ የሁለታችንም ነው። አንዳችን አንዳችንን «አንተ ከየት ቆመህ ነው?» ብለን ብንጠያየቅ ኖሮ ያልቅ ነበር። ሊቁ ግን ሠራተኛው ሁሉ ባለበት «ይህን የበር ቀኝ ያስተማረህ ሰው በር ያለው ቤት አይቶ አያውቅም» አለኝ። አባታችንን እኮ ነው፣ እታለም። የሰፈሩን ግማሽ በር የገጠመውን፣ ጣቱ በመጋዝ ተቆርጦ በማግስቱ ሥራ የገባውን አባታችንን። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከስምንቱ በሮች አንዱን በእግሬ መታሁት። ፊቱ ስስ ኮምፔንሳቶ ስለነበረ እግሬ ገብቶ በዚያኛው ወገን ወጣ። ያሳፈረኝ መምታቴ አይደለም፤ ጫማዬን ከበሩ ለማውጣት ሁለት ሰው መርዳቱ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሊቁ ነበር፣ እግሬን ይዞ እንዴት ማጠፍ እንዳለብኝ ያስረዳኝ ነበር።

ትልቋ በዚያው ቀን ቢሮዋ ጠርታ «ከሁለት አንዱን ምረጥ፤ ወይ ትምህርቱን ወይ በሩን» አለችኝ። ትምህርት ያለችው ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጡረተኛ መምህር ሰውን ስለ እርጋታና ስለ መቻቻል የሚያስተምርበትን ስብሰባ ነው። እኔ ትምህርቱን መረጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወርክሾፑ ውስጥ በር ሁሉ በሊቁ አቋቋም እንዲጠራ ወሰነች፤ ወረቀት ላይ ጽፋም ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። እኔ የመታሁትን በር ደግሞ ሰዎቹ በሁለት የእንጨት እግር ላይ አጋድመው የምሳ ጠረጴዛ አደረጉት። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ለኔ የተረፈኝ ቀዳዳው ያለበት ነው። የዳቦዬ ፍርፋሪ በቀዳዳው እየወረደ ጫማዬ ላይ ይወድቃል። አንድ ቀን ለምሳ ስቀመጥ ከቀዳዳው ወዲህና ወዲያ በአናጢ እርሳስ በትላልቁ «ግራ» እና «ቀኝ» ተብሎ ተጽፏል፣ ከነቀስቱ። የእጅ ጽሑፉን አወቅኩት። አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ ምሳዬን የበላሁት በዚያ ጽሑፍ ላይ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ ልርሳ ብልስ በምን በኩል?

ወደ ትምህርቱ የሄድኩበትን ልብ አንቺ ብታዪው ኖሮ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትዪኝ ነበር። ትክክል ነሽ። አዳራሹ ከጫማ መሸጫ በላይ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የማይዘጋ መስኮት፣ በመጋረጃ ቀለም ተጣልተው ሁለት ዓመት የተኳረፉ እህትማማቾች፣ ከተሳፋሪ ጋር የተማታ ሾፌር፣ ከዚያ እኔ። መምህሩ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው አተነፋፈስ ነው፤ አራት እስክትቆጥሪ ታስገቢያለሽ፣ ትይዢያለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትለቂያለሽ። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ከሰው ጋር ስትከራከሪ፣ መልስ ከመስጠትሽ በፊት እሱ ያለውን ደግመሽ ለራሱ ትነግሪዋለሽ። «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪልሽ ድረስ ያንቺን መናገር አትችይም። መምህሩ «የሌላውን ሐሳብ መቻል ማለት መስማማት አይደለም፤ ሰውየው ያለውን ሳያጎድሉ መያዝ ነው» ይላል። ሌላም ነገር ይላል፦ «የረጋ ሰው መጠበቅ ይችላል»። እኔ ከትምህርቱ ሁሉ ለራሴ ቆንጥሬ የወሰድኩት ይህቺን ብቻ ነው። እርጋታን የተማርኩት ለበቀል ነው፣ እታለም። ሥራ ቦታ «ክብሪቱ ረጠበ» እያሉ ይቀልዱብኛል፣ እኔ ደግሞ እየሳቅሁ ቀኔን እጠብቃለሁ።

ቀኑ መጣ። ለአረጋውያን መኖሪያ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ሃያ ስምንት በሮች ታዘዙ። መቃኖቹን ወደ ሕንፃው አድርሼ ያስተከልኩት እኔ ነኝ፤ እዚያ መሐንዲሱን አገኘሁት። ዝርዝሩን አሳይቶኝ «እኔ ግራና ቀኝ የምለው በሩ በሚከፈትበት ወገን ቆሜ ነው፤ ለሰዎችህ ንገራቸው» አለኝ። ልክ እንደ አባታችን! እዚያው ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ወደ ወርክሾፑ እስክመለስ ድረስ መልእክቱን አፌ ላይ ይዤው ነበር። በሩ ላይ ስደርስ የሊቁን ድምፅ ሰማሁ፤ አንዱን ስለ ኮላ አቀላቀል እየገሰጸ ነው። ያን ጊዜ መልእክቱን ዋጥኩት።

ሰኞ ጠዋት ትልቋ ሰበሰበችን። ሊቁ ዝርዝሩን ተቀብሎ አነበበና «በኛ ደንብ እንቆርጣለን» አለ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት እያመለከተ። ትልቋ «የተለየ ሐሳብ ያለው አለ?» ብላ ጠየቀች፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። አራት ቆጥሬ አስገባሁ፣ ያዝኩ፣ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ከዚያ «የሊቁን አስተያየት አከብራለሁ» አልኩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ! ትልቋ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ በወሩ መጨረሻ ደብዳቤው ላይ ማኅተሙን እንደምትመታ ነገረችኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን የተረተ ሰው አናጢ አይደለም፤ ውስጥ ውስጡን የሚነቅዘው ዝም ያለው እንጨት ነው።

ያን ሳምንት እንዴት እንደኖርኩት ልንገርሽ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ከተሰደድኩ ወዲህ እንደዚያ ጣፋጭ ሳምንት አላሳለፍኩም። ሊቁ ማጠፊያ በቆረጠ ቁጥር በልቤ እቆጥር ነበር። መሮውን ስዬ አቀበልኩት። ሻይ ቀዳሁለት። በሮቹ ከላይ ትንሽ መስታወት ስላላቸው በኋላ ገልብጦ ማዳን እንደማይቻል አውቃለሁ፤ እሱንም እያሰብኩ ደስ ይለኛል። ሃያ ስምንት በር ደረጃውን ወጥቶ አንዱም መቃኑ ውስጥ አልገባም ሲል ይታየኛል። ሊቁ መሐል ላይ ቆሞ፣ መሐንዲሱ ሲጮህበት፣ ትልቋ ዝም ብላ ስታየው። ያን ቀን የምናገራትን ዓረፍተ ነገር ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር፤ ቀረብ ብዬ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ከውጭ ቆመህ ነው ያየኸው?» ልለው። ስላጭ እንኳ መስታወት ፊት ተለማምጃታለሁ። ከዚህ ሁሉ መሐል አንድም ቀን ስለ ድንቢጥ አላሰብኩም፤ አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ወደ ትምህርቱ ስሄድ መምህሩ ፊት ለፊት አስቆመኝ። በሥራ ቦታዬ የማልስማማበትን ሐሳብ በጸጥታ እንዴት እንዳሳለፍኩ ትልቋ ነግራው ኖሯል፣ ለሌሎቹ እንዳስረዳ ጠየቀኝ። አፌን ከፍቼ መዋሸት ስጀምር ሊቁ ገባ። ትልቋ «ለክብሪት የሠራ ላንተም ይሠራል» ብላ ልካው ኖሯል። መምህሩ ደስ አለውና ሁለታችንን ወንበር አጋጥሞ አስቀመጠን። «የምትከራከሩበትን ነገር አንሱ» አለን።

ሊቁ ጀመረ። እናትና አባቱን አያውቃቸውም፣ ያሳደገው አንድ አናጢ ነው። ያ አናጢ የነገረውን ነገረኝ፦ «በር የሚጠራው በሚመጣው ሰው ነው። ውስጥ ያለው ሰው ቤቱን ያውቀዋል፣ በጨለማም ቢሆን እጁ አይስትም። የሚመጣው ግን አያውቀውም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚመጣው ሰው በሚቆምበት ቁም፣ ለሱ አስብለት» ብሎታል። ያንን ደግሜ መናገር አለብኝ። መጀመሪያ «ከውጭ የምትቆመው የሚያስገባህ ሰው ስላጣህ ነው እያልክ ነው» አልኩት። ሰው ሳቀ። ሊቁ አልሳቀም፤ «እንደዚያ አላልኩም» አለ። ሁለተኛ «ያሳደገህ ሰው ቤት አልነበረውም እያልክ ነው» አልኩት። አሁን የሳቀ የለም። መምህሩ «እንደገና» አለ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ጊዜ አጣመምኩት። በስድስተኛው ደክሞኝ ነው መሰለኝ ቀጥ አድርጌ ስናገረው፣ «የሚመጣው ግን አያውቀውም» የምትለዋ ላይ ስደርስ ድንቢጥ ታየችኝ፤ ከነሻንጣዋ፣ ከነወላቃ ጥርሷ፣ የማታውቀው በር ፊት ቆማ። እንደምንም ጨረስኩት። ሊቁ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲናገር ያለውን መልሶ የነገረው ሰው እንደሌለም ተናገረ።

ተራው የኔ ሆነ። አባታችን «የቤት በር ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ውስጥ ላለው ነው። ልጅ ታሞ፣ እሳት ተነስቶ፣ በድንጋጤ እጁን የሚሰድደው እሱ ነው፤ ስለዚህ ከሱ ጋር ቁም» የሚለውን ነገርኩት። ሊቁ በመጀመሪያው ሙከራ ቃል በቃል መለሰልኝ፣ ሊቅ አይደል! ከዚያ «አባትህ ጥሩ አናጢ ነበሩ» አለኝ። ይህ ያበርደኛል ብለሽ እንዳትጠብቂ። ንዴቴ የባሰው ያን ጊዜ ነው። ጠላት ሆኖ የኖረ ሰው በድንገት ሰው ሲሆንብሽ ቂሙን የት ታደርጊዋለሽ? ስለ በሮቹ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ከበሮቹ አሥራ ዘጠኙ ተቆርጠው አልቀው ነበር። ለምሳ ስቀመጥ ቀዳዳዬ ዙሪያ ያለው እንጨት ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ሊቁ በጠዋት ገብቶ «ግራ» እና «ቀኝ» የሚለውን በመላጊያ ልጎ አጥፍቶታል፤ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶታል። እሱ ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ዳቦውን ይቆርሳል። እጄን እዚያ ነጩ ላይ አሳረፍኩት፣ ለስላሳ ነው። እታለም፣ ተናደድኩ። አምስት ወር የተመገብኩትን በቀሌን ከፊቴ አነሳብኝ። ከዚያ «በሮቹ ተገላቢጦሽ ናቸው» አልኩ።

ሁሉም መብላቱን አቆመ። መሐንዲሱ ያለኝን ተናገርኩ። ደግነት እንዳይመስልሽ፤ በልጦኝ ሲገኝ መሸከም አቅቶኝ ነው። ትልቋ ከቢሮዋ ወጥታ «መቼ ነው ያወቅከው?» አለችኝ። «አሁን ትዝ አለኝ» ማለት እችል ነበር፣ ማንም አይጠረጥርም። አራት ቆጥሬ አስገባሁ፣ ያዝኩ፣ ስለቅቀው የወጣው «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» የሚለው ሆነ። አልጮኸችም። ወደ ቢሮዋ ጠርታኝ መሳቢያውን ከፈተች፣ ደብዳቤዬን አውጥታ አየችው፣ መልሳ አስገብታ ቆለፈችበት። «መዶሻ ለሚወረውር ሰው ዞር እልለታለሁ» አለች፤ «እየሳቀ መሮ ስሎ ለሚያቀብለኝ ግን በምን አውቄ ዞር ልበልለት?» ዓመቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ እንደሚቆጠር ነገረችኝ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ይኸው ነው። የድንቢጥን ሻንጣ አትሸክፊ። አንድ ወር ቀርቷት የነበረችው ልጄ ሌላ ዓመት ትጠብቃለች። ለሰው የቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ የገባው ሊቁ አይደለም፤ እኔ እንኳ አይደለሁም፤ እሷ ናት።

ሃያ ዓመት አስተያየት የሰጠው ሊቁ ያን ቀን አስተያየት አጣ። በማግስቱ ለምሳ ስቀመጥ ልጎ ባነጣው ቦታ ላይ በዚያው እርሳስ፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ «ቀኙን ያውቃል። አይናገርም።» ተብሎ ተጽፏል።

ሦስት ሳምንት አሥራ ዘጠኙን በር አብረን ስንጠግን ቆየን። የተቆረጠውን የማጠፊያ ቦታ በዚያው ዓይነት እንጨት ደፍነን፣ በኮላ አጣብቀን፣ ልገን፣ በሌላው ጎን እንደ አዲስ እንቆርጣለን። አንድ በር መሐላችን ይቆማል፤ እሱ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። እንከራከራለን። እሱ ስለ ኮላ ይገስጸኛል፣ እኔ ያለውን ደግሜ እነግረዋለሁ፣ «አዎ» ይላል፣ ከዚያ «ተሳስተሃል» እለዋለሁ። የሱን የበር ሐሳብ ዛሬ ከሱ አሳምሬ መናገር እችላለሁ፤ አሁንም ስህተት ነው፣ አባታችን ነው ልክ። ቂሜ ጠፋ ብዬ አልዋሽሽም። አስተኛኘኬን ባረመኝ ቁጥር መዶሻው የት እንዳለ ዓይኔ ይፈልጋል። ግን ካገኘው በኋላ ይተወዋል። ትልቋም ደንቧን ለውጣለች፤ ማንም ትእዛዝ ሲቀበል ደንበኛው የት ቆሞ እንደሚናገር ጠይቆ፣ ያለውን መልሶ ሊነግረው ግድ ነው። ደንበኞቹ ያበድን መስሏቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሊቁ «ከፈለግክ ላገው» ብሎኛል። መላጊያው እጄ ላይ ነው። አልልገውም። ዓመቴ እስኪሞላ ምሳዬን እዚያው ላይ እበላለሁ።

አሁን ከባዱን ሸክም ላንቺ መጣሌ ነው፣ ይቅር በይኝ። ለድንቢጥ ንገሪያት። «ወረቀት ዘገየ» አትበያት፤ አባትሽ ስህተት አይቶ ሰው ለመጉዳት ብሎ ዝም አለ፣ ዝምታው አንቺን መታሽ በያት። ትናደዳለች፤ የኔ ልጅ አይደለች። ትናደድ። አታባብያት፣ «ትዕግሥት» እያልሽም አትምከሪያት። የምትለውን ሁሉ፣ ስድቡንም ቢሆን፣ ሳታጎድዪ ጽፈሽ ላኪልኝ። እኔ ያለችውን መልሼ እጽፍላታለሁ። ካጣመምኩት «እንደዚያ አላልኩም» ብላ ትመልስልኝ፣ እንደገና እጽፋለሁ። «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስክትለኝ ድረስ የኔን አንዲት ቃል አልናገርም።

ለጋሼ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስለ ሳሉ አስተያየት አለኝ፣ ግን ይዤዋለሁ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ስለ ዓይናቸው ጠይቄያለሁ በያቸው። መንትዮቹን ጆሯቸውን ሳትቆነጥጪ ሳሚልኝ። በር መጠርቀም የምትወደውን የጋሼን ታናሽ እህትም በሩን በሰላም ስትዘጋ ካገኘሻት ሰላም በያት። ለድንቢጥ ሰላምታ አልላክኩም፤ መጀመሪያ ተራው የሷ ነው።

ወንድምሽ ክብሪት

ከወርክሾፑ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ሰኔ 14 ቀን